ሳላይ ያዞርኩት ቁልፍ

እሁድ፣ የካቲት 9 ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ለምናፍቅህ ለልጄ አባት፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ያ የጀርባህ ሕመም ለቀቀህ ወይ? የመርከብ ማደሻው ብርድ አጥንት ይሰብራል ካልከኝ ጀምሮ እዚህ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር አንተ የበረደህ ይመስለኛል። የላክሁልህን ሹራብ ልበሰው እንጂ ለክት አታስቀምጠው። ሰው ካላየው ሹራብ አይሞቅም ያለህ አለ?

እኛ አለን። «ደህና ነን» ብዬ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቱንም ቀደድኩት። ይህ ሦስተኛው ወረቀት ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ የስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን አትስደብ፤ ዓይኔ በሩ ላይ ሆኖ ነው የምጽፍልህ። ቅድም ጎረቤታችን መጥረጊያ ልትዋስ በሩን ብታንኳኳ እንደ ሚዳቋ ዘለልኩ። «ምን ሆነሻል አንቺ፣ ጀግና ሰው እንዲህ ይበረግጋል?» ብላ ሳቀችብኝ። ጀግና ነው የሚሉኝ አሁን። ይህንንም እነግርሃለሁ፣ ታገሠኝ።

ነገ ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ይሰበሰባል። በአንድ ስብሰባ ሁለት ነገር ይሠራል፤ እኔን ይሸልማል፣ ልጃችንን ያባርራል። መሆን የሚገባው ግን ሌላ እንደሆነ የምናውቀው እኔና እሷ ነን። አንድ የስምንት ዓመት ልጅም ያውቃል። እሱን ስደርስበት እነግርሃለሁ። አሁን ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ።

ዘንድሮ መጡ ያልኩህ የቋንቋ አስተማሪ ትዝ ይሉሃል? ያ በምርኩዝ የሚሄዱት ሴትዮ፣ «ቀስ በሉ» ከአፋቸው ስለማይጠፋ ተማሪው ሁሉ «ቀስ በሉ» የሚላቸው። ለስድስት መቶ ሕፃን አንድ የፈረንሳይኛ አስተማሪ እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ጉልበትም የላቸውም። ታዲያ ምን ዘዴ አመጡ መሰለህ? ከአሥረኛ ክፍል አሥራ አራት ልጆች መረጡና ቅዳሜ ቅዳሜ ማስተማርን ያስተምሯቸው ጀመር። እነዚያ ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እያንዳንዳቸው ዘጠኝ ዘጠኝ የሁለተኛ ክፍል ሕፃን ይዘው ያስተምራሉ።

ከአሥራ አራቱ አንዷ ጭራሮ ናት። አዎ፣ ልጃችን፣ ያንተዋ ጭራሮ! ያቺ እንግዳ ሲመጣ ከቀሚሴ ጀርባ የምትገባው። ስሟ ሲጠራ «ተሳስተው ነው» ብላ ልትመለስ ነበር። ቀስ በሉ ግን «ዝም የሚል ሰው መስማት ያውቃል። እኔ የሚለፈልፍ ሞልቶኛል፣ የሚሰማ አስተማሪ ነው ያጣሁት» አሏት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷን ብታያት አታውቃትም። አንገቷ ቀና አለ። አሥራ ስድስት ዓመት የት ደብቃው እንደኖረች የማላውቀው ድምፅ ወጣ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሚማሩበትን ክፍል ኮሪደር የምወለውለው እኔ ነኝ። አንድ ኮሪደር ስንት ጊዜ እንደሚወለወል ብታይ ትስቅ ነበር። ጆሮዬ ከበሩ ጋር፣ እጄ ከመወልወያው ጋር። ብዙ ነገር ሰማሁ። ለልጆች ጀርባ አይሰጥም፤ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ እንኳ በጎን ተቁሞ ነው። ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ በልብ እስከ አምስት ይቆጠራል፤ ሕፃን ቃሉን ፈልጎ እስኪያገኘው ጊዜ ይፈልጋልና። የተሳሳተ ልጅ አይሳቅበትም፤ ተነስቶ ከመጀመሪያው ይለዋል፣ በቃ። ከሁሉ የጠበቀው ሕግ ደግሞ ከበሩ ከገቡ በኋላ ከፈረንሳይኛ በቀር አንድ ቃል አይወጣም። ልጁ ካልገባው በእጅ፣ በፊት፣ በሥዕል ይነገረዋል። ጭራሮ በዚህ ላይ የራሷን ጨመረች፤ በክፍሏ ውስጥ በሌላ ቋንቋ ለጠራ ሰው መልስ የለም፣ እንዳልሰሙ ዝም ነው። ሕፃናቱ ይህን ጨዋታ ወደዱላት። ርዕሰ መምህሩ አንድ ቀን ገብተው «ልጆች፣ እንዴት ናችሁ?» ቢሉ ዘጠኙም ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። በሳቅ ሊሞቱ ነበር፣ ግን አንዱም አልመለሰላቸውም።

እቤት የምትለማመድብኝ ተማሪ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ከእራት በፊት ግማሽ ሰዓት። «ለቬ-ቩ!» ስትለኝ እነሳለሁ። «አሴዬ-ቩ!» ስትለኝ እቀመጣለሁ። በዚህ ጉልበቴ! «ካሼ-ቩ» ካለች ተደበቁ ማለቷ ነው። ያኔ እሷ ከበር ውጪ ቆማ እስከ ሃያ ትቆጥራለች፣ እኔ ከጠረጴዛ ሥር እገባለሁ። ከዚያ ገብታ «ሶርቴ»፣ ውጡ ማለት ነው፣ ትልና ጭንቅላቴን በእጇ ትነካኛለች። ጭንቅላትህ ከተነካ ጨዋታው አለቀ፣ ምንም ብታጠፋ ማንም አይቆጣህም። አንድ ቀን ከአልጋው ሥር ገብቼ መውጣት አቅቶኝ አልጋውን ከነፍራሹ አንስታ ነው ያወጣችኝ።

ይህን የማወራህ ላስቅህ ብዬ አይደለም። ጨዋታውን አውቀው እንደነበር እንድታውቅልኝ ነው። ከዚያ ግቢ ሠራተኛ ሁሉ እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው።

ባለፈው ሐሙስ ጭራሮ ከታችኛው ሕንፃ ከዕቃ ቤቱ ጎን ባለችው ክፍል ታስተምር ነበር። ዘጠኙን «ካሼ-ቩ» አለቻቸውና እንደ ልማዷ ከበሩ ውጪ ቆማ መቁጠር ጀመረች። አሥራ ሁለት ላይ ስትደርስ ከማዶው ሕንፃ እንደሷ የምታስተምር ጓደኛዋ «ድረሽልኝ! አንዱ ወድቆ ግንባሩ ተፈነከተ!» ብላ ጮኸች። ሮጠች። ለአንድ ደቂቃ መስሏት ነው። ደም ባለበት ግን አንድ ደቂቃ አንድ ደቂቃ አይሆንም፤ አሥር ሆነባት።

እኔስ የት ነበርኩ? ቁልፍህን ይዤ እየመጣሁ ነበር። የዚያ ትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነህ ዘጠኝ ዓመት ያንጠለጠልከውን የቁልፍ ዘለላ ስታስረክበኝ ያልከኝን ረሳኸው? እኔ አልረሳሁትም። «ሴትዮ፣ ቁልፍ ከማዞርሽ በፊት ተጣሪ። ከተጣራሽ በኋላ ደግሞ ግቢና እዪ። ጆሮ ይሞኛል» ነበር ያልከኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላጓደልኩም። ወረቀት ሁሉ እያነሳሁ፣ መጋረጃ ሁሉ እየገለጥኩ ነው የምቆልፈው።

የዚያን ቀን ግን ሰዓቱ አሥር አልሞላም፤ ሩብ ጉዳይ ነበር። ትምህርቱ የሚያልቀው አሥር ላይ ነው። ለምን እንደቸኮልኩ አንተም ታውቀዋለህ። ሐሙስ ነው፣ አንተ የምትደውልበት ቀን፤ አሥር ሰዓት ላይ ከዘበኛው ቤት ስልክ አጠገብ መሆን አለብኝ።

በሩን ገፋ አደረግሁት። «ማን አለ?» አልኩ። ፀጥ። ወንበሩ ባዶ። ቦርሳ እንኳ የለም፤ ለካ ቦርሳቸውንም ይዘው ነው የተደበቁት፣ እንዴት ያሉ ጮሌዎች መሰሉህ። «ማን አለ?» ብዬ ደገምኩ። ይህን ጊዜ አንድ እርሳስ ከጠረጴዛ ሥር ወጣና ወለሉ ላይ ቀስ እያለ ተንከባለለ፣ ተንከባለለ፣ እግሬ ሥር ሲደርስ ቆመ። አየሁት። በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ነፋስ ነው አልኩ። በሩን ሳብኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ፣ ሄድኩ።

የልጄ አባት፣ እርሳስ በራሱ አይንከባለልም። መስኮቱም ዝግ ነበር።

ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አልጮኸም። አንተን ለመውቀስ አይደለም፣ የሆነውን ነው የምነግርህ። አዲሱ ዘበኛ እንደ ልማዱ «ባልሽ ዛሬም ሰዓት ጠፋበት?» አለኝ። «አንተ በርህን ጠብቅ፣ የሰው ባል አትጠብቅ» አልኩት። አፋችንን ሳንዘጋ ከውጪ «ጭስ! ጭስ!» የሚል ጩኸት መጣ። ለካ የዕቃ ቤቱ የመብራት ሽቦ ተቃጥሎ ያን የስንት ዓመት የፈተና ወረቀትና የተሰባበረ ወንበር አያይዞታል።

ሜዳው በአንድ አፍታ በልጅ ሞላ። አስተማሪው ይቆጥራል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል። ከዚያ መሃል ጭራሮ ሸሚዟ የሌላ ልጅ ደም ነክቶት እየሮጠች መጣች።

«ልጆቼስ? የኔዎቹ ዘጠኝ የት አሉ?»

ርዕሰ መምህሩ «አንቺ የት ነበርሽ?» ብለው ጮኹባት።

«ክፍል ውስጥ ናቸው! ተደብቀው ነው ጋሼ፣ ጨዋታ ነው!»

ዘበኛው እያለከለከ ደረሰ። «አይቻለሁ ጌታዬ፣ ማንም የለም። በመስኮት ጮህኩ፣ የሚመልስ የለም። በሩም ተቆልፏል። በተቆለፈ ቤት ሰው ይኖራል እንዴ?»

«እንግዲያው በውጪው በር ወጥተው ይሆናል! በመጸዳጃውም በኩል ፈልጉ!» ሁሉም ወደዚያ ነጎደ። ጭራሮ ግን «ተቆልፏል» የሚለውን ስትሰማ ዞር ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረም። እኔ ምን እንዳደረግሁ ከኔ ቀድማ የገባት አስተያየት ነበር። ያን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ያቺን ቁልፍ ዓይኔን ጨፍኜ ከሃያ ሁለቱ መሃል የማወጣት ሴት ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀችብኝ። ጭሱ በበሩ ሥር እንደ ውሃ ይፈሳል። ከፍቼ «ልጆች! ውጡ! እሳት ነው!» ብዬ ጮህኩ። አንድ የታፈነ ሳል ሰማሁ እንጂ የሚነቃነቅ የለም። አፌን በራሴ ቋንቋ ከፍቼ ስጮህ ድንጋይ ነበር የማናግረው።

ያኔ «ሶርቴ!» አልኩ። «ሶርቴ! ሶርቴ!»

ወጡ። ከጠረጴዛ ሥር፣ ከሰሌዳው ጀርባ፣ ከመጋረጃው ውስጥ። ዓይናቸው በጭስ እያነባ፣ ሸሚዛቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ እንዳስተማረቻቸው አንዱ የአንዱን ትከሻ ይዞ በሰልፍ ወጡ። ሲያልፉ ቆጠርኳቸው። ስምንት። ደግሜ ቆጠርኩ። ስምንት። ይህን ጊዜ አንድ ሰው ገፍቶኝ በአጠገቤ አለፈ፤ ጭራሮ ናት። ጭሱ ውስጥ ገብታ ሳትደናበር በቀጥታ የሥዕል ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ማን የት እንደሚደበቅ ታውቃለቻ! የፊት ጥርሶቿ የወለቁት ትንሿ፣ «ጥርስ የለሿ» የሚሏት፣ እዚያ ውስጥ ተኮራምታለች። ተሸክማ አወጣቻት። የሕፃኗ አንገት ዘንበል ብሏል።

አትደንግጥ፣ ተርፋለች። ሁለት ቀን ሐኪም ቤት አድራ ትናንት ወጥታለች። ሳሉ ግን ገና አልለቀቃትም። ሐኪሙ «ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ» ብሎ ነገሩን አልጨረሰውም። እኔ ነኝ በየሰዓቱ የምጨርሰው።

ከዚያማ ጉድ በል። «ዘጠኝ ነፍስ ያተረፈች!» ተባልኩ። በፈረንሳይኛ ጠርታ አወጣቻቸው ተብሎ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። የጥርስ የለሿ አባት፣ ያ ግዙፍ የጭነት መኪና ነጂ፣ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝና አለቀሰ። እኔ እንደ ሌባ አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸው። ነገ የምስጋና ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት ይሰጡኛል። ሰዓት ሳይሞላ ለቆለፈች ሴት ሰዓት!

ዓርብ ጠዋት ጭራሮን ጠሯት። እኔም ገባሁ። ርዕሰ መምህሩ፣ ቀስ በሉ፣ ያ መኪና ነጂም ኮሚቴ ስለሆነ ተቀምጧል። «ጥለሻቸው መሄድሽን አምነሻል። በሩን ግን ማን ቆለፈው?» አሏት።

«እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «በጨዋታው መሃል ወጥተው እንዳይሮጡ ብዬ፣ ቁልፉን ከእናቴ ቦርሳ ሳታየኝ አውጥቼ ቆለፍኩ። ኋላ መልሼ አስቀመጥኩት።»

መኪና ነጂው ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። «የሰው ልጅ እንደ ዶሮ ቆልፈሽ ሄድሽ?»

ቀስ በሉ ግን አልጮኹም። «እርግጠኛ ነሽ ልጄ?» አሏትና ዝም አሉ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩ። ከንፈራቸው በጣም በትንሹ ይነቃነቅ ነበር። ምን እያደረጉ እንደሆነ አወቅሁ። በልባቸው እየቆጠሩ ነው። አንድ። ሁለት። ተናገሪ አልኩ ለራሴ። ሦስት። አራት። አምስት። አምስት ሞላ፣ እኔም ዝም አልኩ። ዓይናቸውን ከኔ ላይ አነሱ።

እቤት ስንገባ «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» ብዬ ያዝኳት። ጫማዋን እያወለቀች መለሰችልኝ። «እማዬ፣ እኔን ቢያባርሩኝ ሌላ ትምህርት ቤት አለ። አንቺን ካባረሩሽ ግን ቤትም የለን፤ ይቺ ክፍል የነሱ ናት። ደግሞ ጥዬ የሄድኩት እኔ ነኝ፣ ያን ጨዋታም ያመጣሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮዋ ሆናለች። ያ ድምፅ ተመልሶ ገባ። ከእሷ ጋር ደግሞ የቀስ በሉ ሥራ ሁሉ ሊቀር ነው፤ «ልጅ ልጅን ያስተምራል ብለን ነው ይህ የደረሰብን» ይላሉ። አሥራ ሦስቱ ሌሎች ጓደኞቿ ሲያገኟት መንገድ ይቀይራሉ አሉ።

አሁን ስለዚያ ሕፃን ልንገርህ። ከዘጠኙ አንዱ ነው፤ ነገርን ሁሉ ለምን ስለሚል ጭራሮ «አቶ ለምን» ነው የምትለው። ትናንት ደረጃ ስጠርግ መጣና አጠገቤ ቆመ።

«እማማ፣ ማን አለ ያሉት እርስዎ ነበሩ አይደል?»

መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ።

«ልመልስልዎት ነበር። ጥርስ የለሿ አፌን ያዘችኝ። በፈረንሳይኛ አይደለም የጠሩን ብላ። ዘበኛውም በፈረንሳይኛ አልጠራንም። ከዚያ እርሳሴ አመለጠችኝ፣ እርስዎም አይተዋታል። ከዚያ ቁልፉ ቀጭ አለ።» ትንሽ አሰበና «ለምን ቆለፉብን?» አለኝ።

ተቆጥቶ አይደለም እኮ። ዝናብ ለምን ይዘንባል እንደሚለው ነው የጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ምን አልኩት መሰለህ? እያፈርኩ ነው የምጽፍልህ። «ለማን ነገርክ?» አልኩት።

«ለማንም። ማንም አልጠየቀኝም።»

ከሽርጤ ኪስ ከረሜላ አውጥቼ ሰጠሁት። ለሕፃን አፍ ከረሜላ! ተቀበለኝና አገላብጦ አየው። «ይሄስ ለምን ነው?» አለኝ።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እህል አልወርድ አለኝ። ልጁ ይናገርብኛል ብዬ አይደለም፤ የፈራሁት እሱን አይደለም። አንድ ሕፃን ፊት ከረሜላ ይዛ የቆመችውን ሴትዮ ነው የፈራሁት። ማን እንደሆነች አላውቃትም። አንተም ብታያት አታውቃትም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የጭራሮን አልጋ ሳነጥፍ ከትራሷ ሥር አንድ ወረቀት አገኘሁ። ለማክሰኞ ያዘጋጀችው ትምህርት ነው፤ ሁሌም ግማሽ ገጽ ነው የሚጽፉት። ማክሰኞ ማንም እንደማያስገባት እያወቀች ነው የጻፈችው። እንዲህ ይላል። «ስገባ እቆጥራለሁ፣ ዘጠኝ። ስወጣ እቆጥራለሁ፣ ዘጠኝ። በሩን አልለቅም። መደበቅ የለም። የፈራ ልጅ በእናቱ ቋንቋ ይጣራ፣ መልስም ይስጥ።» የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ አስምራባታለች።

የራሷን ስህተት ተነስታ ከመጀመሪያው አለችው፣ አየህ? ማንም ሳይጠይቃት። እኔ የአርባ ስምንት ዓመቷ ነኝ የተደበቅሁት።

እፈራለሁ። አንተን ምን እዋሽሃለሁ፣ በጣም እፈራለሁ። ያ መኪና ነጂ የሳመውን ትከሻ ምን እንደሚያደርገው አላውቅም። ፖሊስ ይጠሩ እንደሆነ አላውቅም። በሰፈሩ ሕፃን የቆለፈች እየተባልኩ እንዴት ውሃ እንደምቀዳ አላውቅም። እውነቱን ብናገር እሷን ይቅር ይሏት እንደሆነ እንኳ አላውቅም፤ ጥላ መሄዷ አይቀርላትም። ግን የሷን ብቻ ትሸከም። የኔን ለምን? ነገ ስሜን ጠርተው ያን ሰዓት ሲያመጡልኝ እጄን አልዘረጋም። ተነስቼ ከመጀመሪያው እለዋለሁ። ሰዓቱን፣ ማን አለ ማለቴን፣ እርሳሷን። እርሳሷን ሳልናገር ከቀረሁ አልተናገርኩም ማለት ነው።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ከዚህ ክፍል ወጥተን ይሆናል። መልስ ከጻፍክ በታላቅ እህቴ አድራሻ አድርገው። ቁልፎችህን አጥቤ፣ በጨርቅ ጠርጌ፣ በየቁጥራቸው ደርድሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። ዘጠኝ ዓመት ያከበርከውን ነገር በአንድ ሩብ ሰዓት አዋረድኩብህ፣ ይቅር በለኝ።

አንድ ነገር ላክልልህና ልዝጋ። የዘበኛው ቤት ስልክ አጠገብ ከእንግዲህ አልቀመጥም። ከደወልክ አምስት ሐሙስ ሆነ። ያው እኔ እንግዲህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ተጣርተህ ዝም ሲሉህ ባዶ ነው ብለህ አትቆልፍም፣ ገብተህ ታያለህ። እኔ ግን ባሕር ተሻግሬ ገብቼ የማይህ እንዴት አድርጌ ነው? ስለዚህ ከዚሁ ሆኜ እጣራለሁ። ማን አለ?

ፈጣሪ ከብረት መውደቅ፣ ከገመድ መበጠስ ይሰውርህ። ክፉ አይንካህ፣ ብርድ አይግባህ፣ ባዕድ አይጥላህ። የምትረግጠው ይጽና፣ የምትይዘው ይባረክ። የነገዋን ፀሐይ ለልጃችን መልካም ያድርግላት፤ ለኔ እንደ ፈቃዱ።

የጭራሮ እናት

ሳላሽገው አንድ ነገር ልጨምርልህ። ጭራሮን ጠርቼ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። እርሳሷ ጋ ስደርስ «እማዬ ተዪ፣ በቃ» አለች። እኔ ግን አልተውኩም፣ ጨረስኩት። ከዚያ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም፤ ፊቴን በሁለት እጄ ሸፍኜ ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ። ብዙ ቆየች። የምትወጣ መስሎኝ ነበር። ኋላ እጇን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈች።

አሁን ነጠላዬን ለብሻለሁ። ፀሐይ ገና አልገባችም። አቶ ለምን ቤት ደርሼ ልምጣ፤ ከኮሚቴው በፊት የጠየቀኝ እሱ ነው።